ጨው የሌለው ክኒን

ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አንዱ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና «እስቲ ያንን የክኒኑን ነገር አውሩልን» ይላል። ከዚያ ይወራል፣ ይሳቃል፣ ጭን ይመታል። እኔም እዚያው ተቀምጫለሁ። ያደረግሁት እኔ፣ የተመታሁት እኔ፤ ግን እስከ ዛሬ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለኝ የለም። አክስቴ ስታወራው ሌባ እሆናለሁ። ልጇ ሲያወራው ደግሞ ጅል። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምሁ አጻጻፌም ያስቃቸው ይሆናል። ይሳቁ፤ ለምደውታል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ዳቦ ቤት ሊጥ አቡኪ ነው። ያኔ ማሽን የሚባል አልገባም። እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰብስቦ፣ ሰው የሚያስተኛ የእንጨት ገንዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሊጡን እያነሳ ያፈርጠዋል። ድምፁ እርጥብ ጥፊ ይመስላል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓሮ በር ገብቼ የዱቄት ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱም ዞር ሳይል አውራ ጣት የምታህል ሊጥ ቆርሶ ይወረውርልኛል። መጫወቻዬ እሷ ነበረች። የአክስቴ ልጅ ኳስ ነበረው። ይሁን።

እዚያ ቤት አባቴን የሚጠሩት «ምላሱ» እያሉ ነው። ወሬኛ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ በቀን ሃያ ቃል ከተናገረ በዛ። ግን ሊጡ ከመቆረጡ በፊት ከጫፉ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ሁሉም ሥራ ያቆማል። «ጨው፤ ግማሽ እፍኝ» ይላል። ይጨመራል፣ ልክ ይመጣል። አንድ ቀን የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሊፈትነው ብሎ የሌላ ወፍጮ ዱቄት ደባልቆ ሰጠው። አባቴ ቀመሰና «ጋሼ፣ ወፍጮ ቤት ቀየሩ እንዴ?» አለ። ባለቤቱ ሰው ሁሉ ፊት ባርኔጣውን አወለቀለት። እንዲህ ያለ ምላስ ነው። እናቴ ከዚህ ሰው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖራ ይህንኑ ነገር ዘነጋችው።

የአባቴ ክንድ ላይ ነጫጭ ቅርፊት ነበረ። እኔ በልጅነቴ ዱቄት ይመስለኝ ነበር። አቡኪ አይደል? ዱቄቱ ደርቆ፣ ደርቦ ደራርቦ የበቀለበት ነው እያልሁ፣ እናቴ በሞቀ ውኃ ስታሽለት ለምን እንደማይለቅ ይገርመኝ ነበር። ሲላጥ ከሥሩ ቀይ ይወጣል። ያንን ደግሞ ምድጃው ያቃጠለው ነው እላለሁ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ዛሬ ያ «ዱቄት» በእኔም በሁለቱ ክርኖቼ ላይ አለ፤ እኔ ደግሞ በያጅ ነኝ፣ ዱቄት ነክቼ አላውቅም።

ስለዚህ የቆዳ ሕመም ትልልቆቹ ሲያወሩ የሰማሁት ገና ስድስት ዓመቴ ሳለ፣ ከጆንያው ላይ ሆኜ ነው። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በመስኮቱ በኩል ዳቦ የምትሸጠው እሷ ነበረች። ገዢ ጋብ ሲል ወንበሯን ወደ ኋላ ታዞርና ወንድሟን ትመረምረዋለች።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«በየቀኑ አንድ ክኒን።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜ ልክ።»

«ውይ! ሰው ገድለሃል እንዴ?»

አባቴ ሊጡን አፈረጠው።

«ስማኝ ወንድሜ፣ በሽታ የሚባለው የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው። ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት ግን መድኃኒት አይደለም፣ ሱስ ነው። ጉበትህን ነው የሚበላው! ያ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሲውጥ ሲውጥ ዓይኑ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ አልቀረም?»

«እሱ ሌላ በሽታ ነው ያለበት።»

«ያንን በሽታ ማን አመጣበት? ክኒኑ! ሚስትህ ብትወድህ ኖሮ ይሄን መርዝ ከቤቷ አውጥታ ትጥለው ነበር። ቀስ እያለች ልትጨርስህ ነው።»

እነሱ ይህን የሚሉት እኔ እዚያ እንደሌለሁ ቆጥረው ነው። ልጅ ጆሮ የለውም መሰላቸው።

አባቴም አንድ ወር እንደ ዋጠ ክንዱ ጠራለት። የክኒኗን ጠርሙስ እናቴ ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «በቃኝ፤ ጤነኛ ሰው ክኒን አይውጥም» አላት። እናቴ ዝም አለች። እናቴ ስትጮህ ምንም የለም፤ መፍራት ዝም ስትል ነው። ጠርሙሷን አንስታ የሆነ ቦታ አኖረቻት፣ ነገሩም በዚያው የተዘጋ መሰለ። ክንዱ ግን ጠርቶ ቀረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። አባቴ እህቱ ፊት እጅጌውን እየሰበሰበ «አየሽ? ያለ ምንም ክኒን!» ይላታል፤ አክስቴም ያዳነችው እሷ የሆነች ያህል ደረቷን ትነፋለች።

ለአባቴ አልፈርድም። እኔም ሦስት ጊዜ አቋርጬዋለሁ። ቆዳዬ ጥርት ሲል «ይኸው ዳንሁ» እላለሁ፤ ከሁለት ወር በኋላ እየታከክሁ መድኃኒት ቤት በር ላይ እገኛለሁ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ «አባባ፣ የተሻለዎት እኮ ስለሚወስዱት ነው» ትለኛለች። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ አባባ! እሱ ራሱ ሰው እንዳይመለስ ያደርጋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አባቴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ይመጣና ግቢው ቧንቧ ላይ ፊቱን እየታጠበ እፍ እፍ ይላል፤ እናቴ ሻይ ትቀዳለታለች። አንድ ቀን እኔ ጠረጴዛው ሥር ቆርኪዎቼን ደርድሬ ስጫወት ቀና ብል፣ እናቴ ከጨው ጣሳው ጀርባ ጠርሙስ አወጣች። አንዲት ነጭ ነገር ሰሐን ላይ አኖረች፣ በማንኪያ ጀርባ ተጫነቻት። ቅርጭጭ አለች። ዱቄቱን ብርጭቆው ውስጥ ጠረገች፣ አራት ማንኪያ ስኳር ከላይ ጨመረች፣ አማሰለች፣ አሸተተች። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ምን ታያለህ አንተ?»

«ምንም።»

«ለአባትህ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ወየውልህ። ሆድ ይፍጀው፤ እሺ?»

«እሺ።»

አባቴ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሻዩን ከግማሽ በላይ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ፊቱን ትንሽ ጨማደደ። «ጥሩ ሻይ ነው» አለ።

እኔ የዳቦ ቤት ልጅ ነኝ። ነጭ ነገር በድብቅ ጣፋጭ ውስጥ ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤታችን በየሳምንቱ የአይጥ መርዝ ከሊጥና ከስኳር ጋር እያድበለበለ ዱቄት መጋዘኑ ጥግ ጥግ ያስቀምጥ ነበር። «ይህን የነካ ልጅ ይሞታል» ብሎኛል። አይጧም ወዲያው አትሞትም፤ ስትበላ ስትበላ ቆይታ አንድ ቀን በጀርባዋ ተንጋላ ትገኛለች። «ቀስ እያለች ልትጨርስህ ነው» ብላ የለ አክስቴ? ሁሉም ገጠመልኝ። ጠረጴዛው ሥር ሆኜ የእናቴን እግር አየሁት። የማውቀው እግር ነው። በጣም ነው ያዘንሁባት።

እዚህ ላይ ዘመዶቼ ይስቃሉ። እስቲ እነሱ ምን ያደርጉ ነበር? ለአባቴ ብነግር እናቴን ፖሊስ ይወስዳታል። ዝም ብል አባቴ በጀርባው ይንጋለላል። እኔ ሁለቱንም ነበር የምፈልጋቸው። ሁለት ቀን እህል አልበላም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ጆንያው ላይ ተቀምጬ የተወረወረችልኝን ሊጥ ሳድበለብል መላው እጄ ላይ መጣልኝ።

ክኒን መጋገር ጀመርሁ።

የመጀመሪያዎቹ ኩፍ አሉ። እርሾ ያለው ሊጥ ነበራ! ድቡልቡል አድርጌ፣ በአውራ ጣቴ ደፍጠጥ አድርጌ የምድጃው አናት ላይ፣ ጡቡ ለብ የሚልበት ጠርዝ ላይ ደርድሬ ብመለስ፣ ትንንሽ ዳቦ ሆነው ጠበቁኝ። በላኋቸው። በማግስቱ ተማርሁ፤ ዱቄትና ውኃ ብቻ፣ እርሾ የለ፣ ጨው የለ። መሐል ለመሐል በጥፍሬ መስመር አሰመርሁባቸው፤ የእናቴ ክኒን መስመር ነበረው። ሲደርቁ ዱቄት ላይ አንከባለልኋቸው። ስልሳ ሠራሁ። አንዱ ከሌላው አይለይም። የእጅ ሥራ አስተማሪዬ «የአንተ እጅ እንጨት ነው» እያለ ክፍል ያስቅብኝ ነበር። ያኔ መጥቶ ቢያያቸው!

እናቴ ልብስ ልታሰጣ በወጣችበት ጠርሙሷን ገልብጬ መርዙን በክብሪት ቀፎዎች አሽጌ ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ፍልጥ ክምር ሥር ቀበርሁት። የእኔን ሞላሁበት። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ የእኔን ክኒን በማንኪያ ደቆሰች። ቅርጭጭ አለች። ልክ እንደዚያኛዋ! አባቴ ጠጣ። ግን ፊቱን አልጨማደደም። ብርጭቆውን ዝቅ አደረገና እናቴን አያት። ከዚያ ብርጭቆውን አየ። እኔ ደግሞ የሕይወት ጣዕም ተሰምቶት ነው አልሁ።

በአምስተኛው ሳምንት የአባቴ ክርን ላይ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ከዚያ ክንዱ ላይ ወረደ፣ ነጭ ቅርፊት ለበሰ። ቤቱ ሁሉ ፊቱን ሲያጠቁር ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። መርዙ እየወጣ ነው! ማታ ማታ ስንት እንደወጣ እቆጥርለት ነበር። «አባዬ፣ ዛሬ እዚህም ወጥቷል!» እለዋለሁ እየተፍነከነክሁ። አባቴ ትክ ብሎ ያየኝና «አዎ፣ ወጥቷል» ይላል።

እናቴ ግራ ገባት። አንድ ክኒን የነበረውን አንድ ተኩል አደረገችው።

ባለቤቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ገንዳው አጠገብ ቆሞ፣ ባርኔጣውን እያሽከረከረ፣ ዓይኑን ከአባቴ ክንድ ላይ ላለማሳረፍ ጣሪያውን እያየ።

«በወሩ መጨረሻ የጤና ቢሮ ሰው ትመጣለች አሉ። ቁስል ያለበት እጅ ሊጥ አይነካም፤ ሕግ ነው። እኔ አይደለሁም ያልሁት።»

«አይተላለፍም እኮ ጋሼ።»

«እኔ አውቃለሁ። እሷ ግን እኔ አይደለችም። እስክትሄድ ድረስ ጓሮ ፍልጥ ብትፈልጥስ? ካልለቀቀህ ደግሞ... እንግዲህ እዚያው።»

«ማን ሊያቦካ ነው?»

ባለቤቱ ምድጃ የሚያነደውን ጎረምሳ በአገጩ አመለከተ። ጎረምሳው ጨው ከስኳር የሚለየው አይቶ ነው እንጂ ቀምሶ አይደለም። አባቴ አሥራ ስምንት ዓመት ገንዳው ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ መጥረቢያውንም ጎረምሳውንም ዞሮ አላየም። ገንዳውን ነበር የሚያየው። ያን ዕለት ሊጡን ሳይቀምስ አስቆረጠው። ሦስት ገዢ «ዳቦው ምን ሆነ?» ብሎ መስኮት ላይ ተመለሰ።

አክስቴ መፍትሔ አላጣችም። «በሴትዮዋ ቀን ክንድህን ዱቄት ንስንስ አድርግበት። አቡኪ ላይ ዱቄት ማን ይጠይቃል?»

በማግስቱ አባቴ ጠራኝ። ሰው ምሳ ወጥቷል፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ምድጃው ብቻ ይተነፍሳል። መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ከእናቴ ጠርሙስ የወጣች አንዲት ክኒን አለች።

«ይቺን ማን አቦካት?»

እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅሁ።

ግማሿን በጥርሱ ቀርጠፍ አደረገ፣ ምላሱ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ያ ሁሉም ሥራ የሚያቆምበት ዝምታ መጣ።

«እርሾ የለውም። ጨው የለውም። ዱቄቱ ከእኛ መጋዘን ነው፣ ሁለተኛው ጆንያ። ውኃው በዝቶበታል።» ዓይኑን ገለጠ። «አርባ ቀን ይሄን አጠጣኸኝ። ቢያንስ ጨው አታደርግበትም?»

ፈነዳሁ። እንባና ንፍጥ እየተደባለቀብኝ ሁሉንም አወጣሁት፤ አይጧን፣ አክስቴን፣ ማንኪያውን፣ ፖሊሱን። «እናቴን እንዳያስሯት! እኔ አድኜሃለሁ፣ ወጥቶልሃል፣ ከእንግዲህ አትሞትም» አልሁት። አባቴ ገንዳው ላይ ተደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሲያለቅስ መሰለኝና የባሰ ጮህሁ። ሲስቅ እንደነበር ያወቅሁት ቀና ሲል ነው፤ አፍንጫው ላይ ሊጥ ተለጥፎበታል።

አክስቴ ከመስኮቱ ደረሰች። ምንም ሳትጠይቅ ጆሮ ግንዴን አለችኝ። «ሌባ! የሰው መድኃኒት!» የራሷ ምላስ ያመጣውን እኔ በጆሮዬ ተቀበልሁ። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የግፊት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ትውጣለች፣ ጉበቷም አማን ነው። በየበዓሉ እየሄድሁ አያታለሁ፤ አንድ ቀን ትዝ ይላት ይሆናል ብዬ።

አባቴ ግን «ተይው» አላት። «ከአንቺና ከእኔ ይልቅ እሱ ነው መላ የፈጠረው።» ሃያውን ቃል ያን ቀን ጨረሰ።

የክብሪት ቀፎዎቹን ቆፍረን አወጣን። ቤት ስንደርስ እናቴ ሻዩን ቀድታ ጠርሙሷን ወደ ጨው ጣሳው ጀርባ ልትመልስ ነበር። አባቴ ዘልቆ ገብቶ ከእጇ ወሰዳት፣ የእኔን ሊጦች በመስኮት አፈሰሳቸው፣ ከክብሪት ቀፎው አንዲት እውነተኛ ክኒን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በቀን ስንት ነው?»

እናቴ እንደ ቆመች ቀረች። «አ... አንድ።»

«ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ?»

«በኋላ።» ክኒኗን አየችና «ታውቅ ነበር?» አለች።

«ምን መሰልሁሽ? ቁንጥር ጨው የማልስት ሰውዬ ሬት የመሰለ ሻይ ሁለት ዓመት ስታጠጪኝ አላውቅም?»

«ሁለት ዓመት!» ማንኪያውን ወረወረችበት። ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። «ሁለት ዓመት ተደብቄ መድኃኒት ቤት እየተመላለስሁ! በሩን በአንድ ዓይኔ፣ ብርጭቆውን በአንድ ዓይኔ እያየሁ! እህትህ ፊት ‘ያለ ክኒን’ እያልህ ስትኩራራ እኔ ምላሴን ነክሼ! አንተ ሰው፣ እግዜር ይይልህ!»

«ከአንቺ እጅ ስጠጣው ሻይ ነው» አላት አባቴ። ቃሉን እየፈለገ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት አልለመደም። «ከጠርሙስ ስውጠው ግን በሽተኛ ነኝ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ልጅህ ሊጥ አቡክቶ አጠጥቶሃል ከምባል በሽተኛ ብባል ይሻለኛል።»

እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ሳቅ ወጣ። ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ወንበር ላይ እስክትቀመጥ ድረስ። እኔ ማን እንደ ተሸነፈ ማወቅ ስላልቻልሁ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየሁ። አባቴ ክኒኗን ምላሱ ላይ አኖረ፣ ውኃ ጠጣ፣ ዋጠ። የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ጉሮሮው አንዴ ወጣ ብሎ ወረደ፣ አለቀ።

በዚያው ሳምንት ሦስታችን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ክንዱን አየ፣ ታሪኩን ሰማ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ እናቴን ተቆጣት፤ ክኒን በዘፈቀደ አይደቆስም፣ አንድ ተኩልም በራስ ሥልጣን አይደረግም አላት። ስለ ጉበቱም ተናገረ፤ በየጊዜው ደም እየተመረመረ ነው የሚወሰደው አለ። ያም ሁለት ዓመት ሙሉ አልተደረገም። እናቴ አንገቷን ደፋች። አክስቴም እንግዲህ ግማሽ እውነት ነበራት፤ ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ለምርመራ ደም ሰጠ፣ ውጤቱ ደህና ሆነ። ሐኪሙ ማኅተም ያለው ወረቀት ጻፈለት። «ቶሎ አይጠፋም፤ ወር ሁለት ወር ይፈልጋል» አለው። የጤና ቢሮዋ ሴትዮ ልትመጣ የቀረው ስድስት ቀን ነበር።

የመጣችው ረፋድ ላይ ነው። አጭር ናት፤ ብብቷ ሥር መዝገብ አለ፣ ጫማዋ ዱቄት እንዳይነካው በጣቷ ጫፍ ትራመዳለች። ትምህርት ቤት አልሄድሁም፤ ሆዴን አመመኝ ብያለሁ። ባለቤቱ ከኋላ ከኋላዋ ይላል። መጥረቢያው ጓሮ ተዘጋጅቷል፣ ጎረምሳው ሽርጥ ታጥቋል፣ አክስቴ አንድ ሰሐን ዱቄት ይዛ «ንስንስ አድርግ እንጂ!» እያለች በዓይኗ ትጠቅሳለች። አባቴ ገንዳው ላይ ቆሟል። እጅጌው እስከ ብብቱ ተሰብስቧል። ክንዱ ቀይና ነጭ፣ ካርታ መስሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ባለቤቱ ጣሪያውን አየ። አባቴ እጁን ሽርጡ ላይ ጠርጎ ወረቀቱን ሰጣት። አነበበችው። ገለበጠችው። ጀርባውንም አነበበች፤ ጀርባው ላይ ምንም የለም።

«መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«እስከ መቼ?»

ጎረምሳው እሳት መቆስቆሱን አቆመ። አክስቴ ሰሐኗን እንደያዘች ደርቃለች። አባቴ፣ ያ «ያለ ምንም ክኒን» ሲል የኖረው ሰውዬ፣ እህቱ ፊት፣ ጌታው ፊት፣ የሚያነደው ጎረምሳ ፊት፣ ስለ ጨው የሚናገር ያህል ቀለል አድርጎ «እስክሞት» አለ።

ሴትዮዋ ጻፈች። «እስከ ክርንዎ በሳሙና እየታጠቡ ይሥሩ። ቅርፊቱ እየረገፈ ባለበት ቀን በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉት» አለችና አለፈች። በቃ! ይኸው ነበር! መጋዘን ገብታ ግን የአይጥ መርዙን ከዱቄቱ ጆንያ ጎን አገኘችው፤ ጩኸቷ እስከ መንገድ ተሰማ። ባለቤታችን ባርኔጣውን አውልቆ ያየሁት ያኔ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

አባቴ ከሊጡ ጫፍ ቆንጥሮ ቀመሰ። «ጨው፤ ሩብ እፍኝ» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረን ወጣን። ድሮ ከበሩ ሳይወጣ እጅጌውን አውርዶ ቁልፉን እስከ አንጓው ይቆልፍ ነበር፤ በዚያ ቀን አላወረደም። እንደ ተሰበሰበ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዋናውን መንገድ ይዞ ሄደ። ከዚያ ያንን ክንዱን አንገቴ ላይ ጣል አደረገ። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ እርሾ እርሾ ይሸታል። እኔ ደግሞ ቅጣቱ አሁን መጣ አልሁ፤ ክኒን የሰረቀውን ልጅ አንገቱን ይዞ ለሰፈር የሚያሳይ መሰለኝ። ደስ ብሎት እቅፍ ያደረገኝ መሆኑን ለማወቅ የራሴን ልጅ እስካቅፍ ድረስ መቆየት ነበረብኝ።

ጥግ ላይ ሦስት የክፍሌ ልጆች ግንብ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ የአባቴን ክንድ አየና ሌላውን በክርኑ ጎሸመው። ፊቴ ጋለ። ከሥሩ ሹልክ አልሁና መንገዱ ዳር በርከክ አልሁ።

«ምን ሆንህ?» አለ አባቴ።

«የጫማዬ ክር ተፈታብኝ።»

አባቴ እግሬን አየ። ያደረግሁት ነጠላ ጫማ ነበር። ግንቡ ላይ ያሉትን ልጆች አየ። ክንዱ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ።

«አጥብቀህ እሰረው» አለኝ፤ አስሬ እስክጨርስም ቆሞ ጠበቀኝ።